ታሪክ ያለው ጊታር

አልቃሿ ጊታሩን አንገቱን ይዛ ወደ ላይ ስታነሣው ስርጉትን አቅለሸለሻት።

«ክሩን ሲነካካው አገር ያስለቀሰ፣
ጊታሩን ጥሎልን ወዴት ገሰገሰ!»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው «ወየው! ወየው!» እያለ ተቀበለ። አልቃሿ አየሁሽ ከሳንጃ ተጠርታ የመጣች ናት፤ ሟቹን በሕይወቱ አይታው አታውቅም። በምታውቀው ደንብ ወንድ ሲሞት ጠመንጃው ይወጣል፣ ፈረሱ ተጭኖ ይዞራል፣ አልቃሽም እሱን እያሳየች ሙሾ ታወርዳለች። ጥጋቡ ግን የሰሊጥ ደላላ ነበር፤ ጠመንጃም ፈረስም አልነበረውም። «ታዲያ ምን ልያዝለት?» ብላ ስትጠይቅ የሟቹ ወንድም ስሜነህ መጋዘን ገባና አንድ ጊታር አንጠልጥሎ ወጣ። አየሁሽም ጊታሩን ባየች ጊዜ ሟቹን ጊታር መቺ አድርጋው አረፈች።

መተማ ዮሐንስ ያለ ሰው ሁሉ ጥጋቡ አንዲት ክር መትቶ እንደማያውቅ ያውቃል። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ለቅሶ ይሁን ሣቅ አይለይም። ልጁ ስርጉት ግን አልሣቀችም፣ አላለቀሰችምም። አባቷ ከተቀበረ ጀምሮ ዓይኗ ደርቋል። የአባቷን ስልክ ብቻ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ይዛ ለማንም አልሰጥም ብላለች። ለቀስተኛው ይህን እያየ «አንጀቷ ውስጥ ነው የምታለቅስ፣ ምስኪን» ይላል። አንጀቷ ውስጥ ያለው ግን ለቅሶ አልነበረም። አባቷን ተጸይፋዋለች። የሞተን አባት መጸየፍ ነውር መሆኑን ታውቃለች፤ ስለዚህም ራሷንም ትጸየፋለች። ከሙሾው ሁሉ «አገር ያስለቀሰ» የሚለው ብቻ እውነት ነው አለች በልቧ።

ጥጋቡ እኮ መጥፎ አባት አልነበረም። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው። እናቷ ስትሞት ስርጉት ገና ጥርሷን አልለወጠችም ነበር። ሌላ ሚስት ሳያገባ፣ በሰሊጥ ወቅት ወደ ኮኪት ሲወርድ ጭነት መኪና ላይ ከጎኑ እያስቀመጠ፣ ፀጉሯን በዚያ ወፍራም ጣቱ ራሱ እየሠራ አሳደጋት። ሹሩባው ጠማማ ስለሚሆን ትምህርት ቤት ይሥቁባት ነበር። እሷ ግን ሌላ ሰው እንዲሠራት ፈልጋ አታውቅም።

እንጀራው መገመት ነበር። ሰሊጥ ሲረክስ ይገዛል፣ ሰው ሲራኮትበት ይሸጣል። «ሰው የናቀውን ያዝ» ይላል ሁልጊዜ። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲጀመር ከድንበሩ ማዶ በገላባት በኩል ሰው ጎረፈ፤ ሻንጣ የያዘ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ምንም ያልያዘ። ከመካከላቸው ልብሳቸውን ጥለው ጊታራቸውን ይዘው የመጡ ሙዚቀኞች ነበሩ። አንዱ ወጣት ለመሳፈሪያ ብሎ ጊታሩን ለጥጋቡ ሸጠለት። ጥጋቡ በዚያ ሰሞን ስልኩ ላይ ተተክሎ የፈረንጅ ቪዲዮ ሲያይ ሰነበተ፤ እንግሊዝኛውን ስርጉት ናት የምታስረዳው። አንዳንድ አሮጌ ጊታር በቤት ዋጋ እንደሚሸጥ ሲሰማ ከተኛበት አልጋ ተነሥቶ ተቀመጠ።

«አሮጌውንማ ሀብታም ጨርሶታል» አላት። «ሞኝ ነው አሮጌ የሚያባርር። እኛ የዛሬውን ነው የምንይዝ፤ ነገ አሮጌ የሚሆነውን።»

«የትኛው እንደሚወደድ በምን ይታወቃል አባየ?»

«ብዙ የተሠራው አይወደድም። የሚያብለጨልጨውም አይወደድም፤ ሁሉም ይገዛዋላ! ፋብሪካው ሠርቶ የተወውን፣ ሰው ዛሬ አስቀያሚ ነው የሚለውን ያዝ። እነዚያን በእግር የሚረገጡ የድምፅ መቀየሪያ ሳጥኖችም ካርቶናቸው ካልጠፋ ያዝ። ከሁሉ ግን ታሪክ ያለውን። ሁለት አንድ ዓይነት ጊታር ቢቀመጥ፣ የሚወደድ ባለቤቱ ያለቀሰበት ነው።»

ታሪክ የሌለው እንደሆነ ደግሞ ታሪክ እንዲኖረው አደረገ። ሻጭ ሁሉ ብሩን ከመቀበሉ በፊት መጋዘኑ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ ዘፈን ይጫወታል፤ ስርጉት በአባቷ ስልክ ትቀርጻለች። ሰውየው ሳያለቅስ ከጨረሰ ጥጋቡ በዚያች በገበያ አረብኛው ይጠይቀዋል። ቤትህ እንዴት ሆነ? እናትህስ የት ቀረች? ድምፁ እስኪሰበር ድረስ እየጠየቀ ዘፈኑን እንደገና ያስጀምረዋል። ስርጉት አባቷ ነውና ቀረጸችለት፤ አንድ ቀን ግን እጅ እጅ አላት። ልብሷን ሸክፋ ገንዳ ውሃ ከተማ ሄደችና ቢሮ ሥራ ይዛ ቤት ተከራየች። ሲደውልላት «ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብላ ትዘጋበታለች። ዘንድሮ ወባ ያዘው፤ ወባ ለኛ ምንድን ናት ብሎ ናቃት፤ ስርጉት ስትደርስ ተገንዞ አገኘችው።

ለቅሶው ጋብ ሲል ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ጎረቤታቸው ሙሚና በትልቅ ጆግ ከርከዴ ይዛ መጣች። ለለቀስተኛው እየቀዳች ስርጉት ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

«ልጀ፣ አንድ አዲስ አበቤ ከአጎትሽ ጋር መጋዘን ገብቷል» አለች በሹክሹክታ። «ለነፍስ ይማር የመጣ አይመስለኝም።»

መጋዘኑ ቆርቆሮ ነው፤ በዚያ የቀትር ሙቀት ገብቶ የሚቆምበት ሰው የለም። አዲስ አበቤው ሰውነት ይባላል፤ ሆቴል ሊከፍት ነው። መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ የጊታሮቹን ሻንጣዎች በጫማው ጫፍ እየከፈተ ያያል። አንዱን ምስጥ ከሥር ገብቶ በልቶታል፤ ሲነካ ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ። ሌላው አንገቱ በሙቀቱ ተጣሟል። የአንዱ ሆድ ማጣበቂያው ለቆ አፉን ከፍቷል። ስሜነህ ፊቱ ጠቆረ። ሰውነት ግን ሣቀ።

«ግድ የለም! ማን ሊመታው ነው? ግድግዳ ላይ ነው የምሰቅለው። በየአንዳንዱ አጠገብ ስክሪን አደርጋለሁ። ደንበኛ ራቱን እየበላ ባለቤቱ ሲያለቅስ ያያል። እንዲህ ያለ ነገር አገራችን ውስጥ የለም። ቪዲዮዎቹ አሉ አይደል?»

«አሉ እንጅ!» አለ ስሜነህ ፊቱ ፈታ ብሎ። «ወንድሜ እኮ ሳያስለቅስ ለቆ አያውቅም!»

«ያለ ቪዲዮው ግን ማገዶ ነው፤ እንግባባ።»

ስርጉት በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። የአባቷ ግምት ልክ ነበር፤ እንጨቱ ሲበሰብስ እንባው ተወዷል። አባቷ ቢኖር ኖሮ ሰውነትን አቅፎ ይስመው እንደነበር ስታስበው ምራቋን መዋጥ አቃታትና ዞር ብላ ተፋችው።

ስሜነህ ተከትሏት ወጣ። «በይ እንግዲህ ስልኩን ክፈችልን። መክፈቻውን የምታውቂ አንች ነሽ።»

«ሐዘን ላይ ነን እኮ ጋሸ።»

«ሐዘንስ በባዶ እጅ ይወጣል? ተስካሩ በምን ይደገሳል? አባትሽ እኮ ላንች ብሎ ነው የሰበሰበ!»

«ለኔ ብሎ ነው እንዳይሉኝ፣ ይተውኝ» አለችው፤ እሱም ሰው እያየው መሆኑን አይቶ ለጊዜው ተዋት።

በማግሥቱ ጠዋት ሙሚና አንድ ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው አስከትላ መጣች። ስርጉት ገና ከሩቅ አወቀችው። አብዱረሕማን ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የቀረጸችው፣ ከዚያ ወዲያ እምቢ ያለችበት ሰው። ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው።

ጊታሩን ሊጠይቅ ነው ብላ አሰበች፤ ከሰሞኑም ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። አየሁሽ ስታወዛውዘው የነበረው ጊታር የእሱ ነው፤ ደግነቱ ምስጥ አልነካውም። ከድንኳኑ ምሰሶ አንሥታ በሁለት እጇ ሰጠችው። አብዱረሕማን አልተቀበላትም። ለሙሚና በአረብኛ አንድ ነገር አላት።

«ሸጨዋለሁ፣ ዋጋውንም በልቻለሁ፣ የናንተ ነው ይላል» አለች ሙሚና።

«ታዲያ ምን ላድርግለት እትየ ሙሚና?»

ሰውየው መሬት መሬት እያየ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሙሚና ከመተርጎሟ በፊት በሻሽዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ያን ለት ልጁን መንገድ ላይ ቀብሮ ነው የመጣ። ትንሽ ልጅ ናት አሉ። አባትሽ ተጫወት ቢለው እሷ የምትወደውን ነው የተጫወተላት። ጊታሩን ሸጥሁ፣ የልጄን ለቅሶ ግን አልሸጥሁም ይላል። ሆቴል ሊያሳዩት ነው ሲሉ ሰምቶ ነው። አጥፉልኝ ነው የሚል፤ ሌላ አይፈልግም።»

ስርጉት ሰውየው ያን ቀን ለጊታሩ ያለቀሰ ነበር የመሰላት። አባቷ እያወቀ ይሁን ሳያውቅ አሁን የሚጠየቅ የለም። ስልኩን ከብብቷ አወጣች።

ስሜነህ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «አንች! አብደሻል?» ካለ በኋላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወንድሜ ድምፅ እኮ እዚያ ውስጥ ነው ያለ። ፎቶ መነሣት እንኳ የማይወድ ሰው ነበር። እሱን ካጠፋሽ ሌላ የት ትሰሚዋለሽ?»

ይህን ያለው ለገበያው መሆኑን ታውቃለች። ነገር ግን እውነቱን ነው። አባቷ ሌላውን ሲያስቀርጽ ኖሮ ራሱ አንድ ቀን አልተቀረጸም። ስርጉት ከድንኳኑ ወጥታ መጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ አብዱረሕማንና ሙሚናም ተከትለዋት ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ቪዲዮዎቹን ሳትከፍት አንድ በአንድ አጠፋች፤ መልሶ የሚያወጣ እንዳይኖር ከስልኩ ቆሻሻ ማጠራቀሚያም ጭምር አጠፋች። ዋጋ ሊጨርስ በጠዋት የተመለሰው ሰውነት ከመጋዘኑ ብቅ ብሎ የምታደርገውን ሲያይ «ይህን የመሰለ ታሪክ!» ብሎ ራሱን ያዘ፤ ወዲያው ሾፌሩን ጠርቶ ሄደ። ስሜነህም እየለመነ እስከ መንገዱ ተከተለው።

አንድ ብቻ ቀረ፤ የአብዱረሕማን።

«አንድ ጊዜ ልስማው በይልኝ እትየ ሙሚና። ፊቱን አላየውም፣ የአባየን ድምፅ ብቻ ነው።»

ሰውየው ራሱን በእሺታ ነቅንቆ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ስርጉት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ጊታሩ ቀስ ብሎ ተጀመረ። የሰውየው ትንፋሽ ይቆራረጣል። ከዚያ የአባቷ ድምፅ ከቅርብ፣ አንገቷ ሥር ያለ ያህል መጣ። «ቅረቢ፣ ፊቱ ላይ ቅረቢ። እንባው ይታይ።» ስልኩን ልትወረውረው ትንሽ ቀራት። ዘፈኑ አለቀ። ለጥቂት ጊዜ የሚሰማው የሰውየው ሳግ ብቻ ነበር። ከዚያ ያው ድምፅ፣ ፀጉሯን ሲሠራላት እንደሚያወራት ዝቅ ብሎ፣ «በቃ ልጀ፣ ፀሐዩ መታሽ። ነይ ጥላ ግቢ» አለ። በርጩማው ላይ ያለውን ሰው ጥላ ግባ አላለውም።

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ቪዲዮውን አጠፋች፤ ቆሻሻ ማጠራቀሚያውንም ባዶ አድርጋ ለአብዱረሕማን አሳየችው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ማሌሽ፣ ያ ቢንቲ» አላት፤ አይዞሽ ልጄ ማለቱ ነው።  ስርጉት ባዶውን ስልክ መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ ሰውየው ተነሥቶ ሲሄድም አላወረደችውም።