የአሮጌው ስሪት ጣጣ

ፕሮግራመሩ ክሊኒኮች የቀጠሮ ካርድ የሚያትሙበትን ነፃ ሶፍትዌር ስምንት ዓመት ያለ ክፍያ ብቻውን ሲጠግን ኖሯል። ሶፍትዌሩ የሚሠራው በሌላ መሠረታዊ ፕሮግራም ላይ ነው፤ የዚያን አሮጌ ስሪት ሠሪዎቹ ራሳቸው ከተዉት ቆይተዋል። እሱም አሮጌውን መደገፍ እንደሚያቆም ዓመት ሙሉ ሲያስጠነቅቅ ከረመ። ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አዲሱ እትም በወጣ ማግስት በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራው ታላቅ እህቱ ደወለችለት።

"አንተ ልጅ፣ ምን ጉድ አመጣህብን? ሶፍትዌርህ ጠዋት ራሱን አደሰና ማተም አቆመ። በሽተኛው እስከ በር ተሰልፏል።"

"ማስጠንቀቂያውን አላነበባችሁም?"

"እኔማ ለአለቃዬ ነግሬው ነበር። 'ደህና የሚሠራውን አትነካኩ' አለኝ።"

ጥርሱን ነክሶ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። የቀድሞውን እትም መልሶ ሲጭንላት ማተሚያው ሥራ ጀመረ።

"ይሄ ለጊዜው ነው" አለው አለቃዋን። "ነገ የደህንነት ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን አሮጌ መሠረታዊ ፕሮግራም አድሱት።"

አለቃው የታተመውን ካርድ አገላብጦ አየና ፈገግ አለ። "ይኸው ይሠራ የለ? ታዲያ ምን አስቸኮለህ?"

እህቱ አንገቷን ደፋች። እሱ ደሙ እንደፈላ በሰልፉ መሃል አልፎ ወጣ።