ሠላሳ ሁለተኛው ስጋት

ልጄ በሠራዊቱ የምርምር ማዕከል ባትሪ ትሠራለች። እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ፣ ሰደርያ ውስጥ ተሰፍቶ ወታደር ጀርባ ላይ የሚውል፣ ሬዲዮውን ቀኑን ሙሉ የሚያሠራ ባትሪ። መጀመሪያ ስትነግረኝ «እሳት አዝሎ መሄድ ነዋ!» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ እራት ላይ ሁሌ ትጠይቀኛለች።

«እማዬ፣ ዛሬስ ምን ፈራሽ?»

«ዝናብ ቢገባበትስ? ልጅ ቢቀመጥበትስ? ካውያ ቢያርፍበትስ?»

«ካውያ ይዞ የሚዘምት ወታደር የት አየሽ?» ብላ ትስቃለች። ግን ትጽፋለች። እኔ ልታባብለኝ ይመስለኝ ነበር።

ማዕከሉ አንድ ደንብ አለው፤ የሠራው ሰው ራሱ ለብሶት ሃያ ኪሎ ሜትር ሳይጓዝ ወታደር አይለብሰውም። የልጄ ተራ ሲደርስ ቤተሰብ ተጋበዘ። የቃጠሎ ቅባት በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ።

የሙከራ ክፍሉ ውስጥ የጨው ውሃ የሞላበት ገንዳ፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ትልቅ መዶሻ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ረጅም ዝርዝር አለ። ዝናብ። ልጅ ቢቀመጥበት። ካውያ። ሠላሳ አንድ መስመር፣ ሁሉም የእኔ ቃል!

ሽበታሙ ኮሎኔል ተነሥተው ጨበጡኝ። «እማማ ቢሆንስ እርስዎ ነዎት?»

ለካ እዚያ ስም ወጥቶልኛል። ልጄ አቀረቀረች።

«ይህችን ይዩልኝ» አሉ፣ የመጨረሻዋን መስመር እያሳዩኝ። ላብ ትላለች። «ዝናቡን እኛም አስበን ነበር። የጀርባ ላብ ስፌቱን ይበላዋል ያለ ግን አልነበረም። አራት ወር ፈጀብን። ያኔ ለብሳው ቢሆን ኖሮ ይነድባት ነበር።»

የልጄ ቡድን ስድስት ወጣቶች አራት ወር ሙሉ ሲሰፉ፣ ሲነክሩ፣ ሲተረትሩ ኖረዋል፤ በአንዲት ፈሪ ሴት ቃል። አንዳቸውም አላማረሩብኝም።

ልጄ ሰደርያውን ለበሰች። ባልደረባዋ ከኋላዋ ቆሞ ማሰሪያውን ቆለፈላት። ከኋላ! ልጄ «ሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ» በሚል ዓይን አየችኝ። አፌ ግን መች ይታዘዘኛል?

«ቢቀጣጠልስ? ብቻዋን እንዴት ታወልቀዋለች?»

«እማዬ! አይቀጣጠልም አልኩሽ እኮ!»

ኮሎኔሉ ሰዓታቸውን አዩ። «እስቲ አውልቂው።»

እጆቿ ጀርባዋን ዳበሱ፣ ሳቱ፣ እንደገና ዳበሱ። አርባ ሰከንድ ፈጀባት። ማንም አልሳቀም። ጉዞው ቀረ።

ያን ዕለት እራት ላይ አልጠየቀችኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልጠየቀችኝም። የልፋቷን ቀን ያበላሸሁባት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ «ነገ ትመጫለሽ» አለችኝ።

ማሰሪያው ደረቷ ላይ ሆኗል። ቀይ ጥብጣቡን አንዴ ሳብ ስታደርገው፣ «እሰይ» ሳልል ሰደርያው እግሯ ሥር ወደቀ። ግድግዳው ላይ ሠላሳ ሁለተኛ መስመር ተጨምሯል። መልሳ ለበሰችውና በጠራራ ፀሐይ ወጣች። እኔ ቅባቴን ይዤ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ስትመለስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። በላብ ርሳለች፤ እጇ ላይ ያለው ሬዲዮ አሁንም ያወራል። መዳፌን ጀርባዋ ላይ አሳረፍኩ። ትኩሳቱ እንደለቀቀው ልጅ ግንባር ለብ ብሏል።

«እማዬ፣ ዛሬስ ምን ፈራሽ?» አለችኝ።

«ጫማሽ ጠቦሽ እንዳይሆን።»

«ሠላሳ ሦስት ብላችሁ ጻፉ!» አሉ ኮሎኔሉ።

ቅባቱም ከንቱ አልቀረም። ሁለቱም ተረከዟ ተልጦ ነበር።