ቀይ ክር የሌለው ብርጭቆ

ትልቋን ልጅ ቤት ውስጥ ራዲዮ ነው የሚሏት። ለምን አትበሉ፤ ጠዋት ከተከፈተች እንቅልፍ እስኪጥላት አትዘጋማ! አባቷ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ሲቀልድ እንኳ መንገድ እንደሚያይ ሰው ኮስተር ብሎ ነው። «የዚችን ልጅ ባትሪ የሚያወጣልኝ ሰው ጠፋ» ይላል። ታናሽ እህቷ ደግሞ ፍንጭት ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም፤ ስትስቅ ግን ቤቱ ይበራል፣ እውነት!

የፍንጭት ነገር እንዲህ ነው። አንደኛው ኩላሊቷ ሽንት ወደ ፊኛዋ የሚያወርድበት መንገድ ስትፈጠር ጀምሮ ጠባብ ነበር። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና አድርገው አሰፉላት፣ ቁስሉ እስኪድን ደግሞ ውስጧ ቀጭን ቱቦ ተዉላት። «ሲድን እናወጣዋለን» ተባለ፣ ቀጠሮ ተሰጠ፣ ሁሉም ደስ አለው። ከዚያ ወረርሽኙ ከተፍ! ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የአባቷ አውቶቡስ ግቢ ውስጥ ተገተረ፣ ሆስፒታሉም የልጆቹን ቀጠሮ ሁሉ ገፋው። አሁንም ገፋው። ደግሞ ገፋው። አልጋውም፣ ሐኪሙም፣ ማደንዘዣ ሰጪውም መተንፈስ ላቃታቸው ሰዎች ሆነ። ማን ምን ይላል?

ቱቦው ግን ወረርሽኝ መጣ ብሎ አይታገስም። ጊዜው ካለፈ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ይጋገርበትና ይደፈናል፣ ያቺን በስንት መከራ የተረፈች ኩላሊት ይዟት ይሄዳል። ራዲዮ ይሄን ከሰማች ወዲህ ማንቆርቆሪያ ባየች ቁጥር ክዳኑን ከፍታ ውስጡን ታይ ነበር።

ደግነቱ ሲስተር አለች። ውይ ሲስተር! የልጆቹ ክሊኒክ ሲዘጋ ነርሷ በየሳምንቱ በቪዲዮ መደወል ጀመረች። ፊቷን ማንም አይቶት አያውቅም፤ ሁሌ ማስክ፣ ከላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች፣ በቃ። መጀመሪያ ቀን ራዲዮ «እንዴት አደሩ?» ብትላት «አንቱ ካልሽኝ እዘጋዋለሁ፣ ገና አላገባሁም!» አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሲስተርዬ ሆነች።

በጥሪው ቀን ጠዋት ፍንጭት ብርጭቆ ውስጥ ትሸናለች፤ ራዲዮ መስኮቱ ጋ ከነጭ ወረቀት ፊት ትይዘዋለች፤ ሲስተር ቀለሙን ታያለች። «የሎሚ ውሃ ከመሰለ ደህና ነን። ሻይ ከመሰለ ግን ደም ሊሆን ይችላል» ብላቸዋለች። ልብስ ሰፊዋ እናታቸው ታዲያ ማንም እንዳይሳሳት ብርጭቆው ወገብ ላይ ቀይ ክር አሰረችበት።

አንድ ቀን ራዲዮ ብርጭቆውን ስታጥብ ክሩ ወለቀ። «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል» ብላ ተወችው። አባቷ ደግሞ ሥራ ከፈታ ወዲህ ቀጭን ሻዩን የሚጠጣው የት ነው? መስኮቱ ጋ!

ስልኩ ጠራ። ራዲዮ እየለፈለፈች አንዱን ብርጭቆ ብድግ አድርጋ ስልኩ ፊት ደቀነችው።

የሲስተር ዓይኖች ፈጠጡ። «ወይኔ! ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ልጄ ምን ሆነች?» ብላ እናትየው ከስፌት መኪናዋ ዘላ ተነሳች። አባትየውም ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋና የቀረውን ብርጭቆ አንስቶ ወደ አፉ...

«አባዬ! እሱ የኔ ነው!» ፍንጭት ጮኸች።

ቀጥ አለ። የያዘውን አየ። ስልኩ ፊት ያለውን አየ።

«ታዲያ ያ...»

«ያ ሻይህ ነው!»

«እኔ እኮ» አለ ኮስተር ብሎ፣ «ብርጭቆው ሲሞቀኝ ዛሬስ ትኩስ ቀዱልኝ ብዬ ነበር።»

በቃ! እናትየው በሳቅ መሬት ላይ ዘጭ አለች። ሲስተር ማስኳን በእጇ ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ራዲዮ እንባዋ ወረደ። ፍንጭት ተንከተከተች፣ ተንከተከተችና... እጥፍ አለች። ጎኗን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ያዘች።

የሲስተር ሳቅ ቁርጥ አለ። «ራዲዮ፣ ብርጭቆውን ተዪው። ስልኩን ወደሷ አዙሪልኝ።»

አዞረችው።

«የኔ እመቤት፣ ምንሽን ነው የያዝሽው?»

«ምንም።»

«ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«እኔ በቪዲዮም ውሸት ይታየኛል፣ እሺ?»

ፍንጭት እናቷን አየት አደረገች። «በሽታው ያለው ሆስፒታል ነው። እማዬ እኔን ይዛ ከመጣች እማዬን ይይዛታል።»

ለካ ሕመሙን ስትደብቅ ነው የከረመችው! እናትየው አፏን በእጇ ያዘች። አንድ አልጋ ላይ አብራት የምትተኛው ራዲዮ ደግሞ «የአፌን ግማሽ ያህል ጆሮ ቢኖረኝ ምን ነበረበት» ብላ በራሷ ተናደደች።

«ስሚኝ ጀግናዬ» አለች ሲስተር። «እናትሽን የምጠብቃት እኔ ነኝ። በሌላ በር ነው የማስገባችሁ። ማስኳን ራሴ አስርላታለሁ።»

«ጥብቅ ታደርጊዋለሽ?»

«አፍንጫዋ እስኪደፈጠጥ!»

ፍንጭት በእንባዋ መሃል ፈገግ አለች። ትክክለኛው ብርጭቆ ታየ፤ የሎሚ ውሃ ነው። ሲስተር ግን «ቀለሙ ደህና ነው፣ ጎኗን ግን አልወደድኩትም» ብላ ስልኩን ዘጋች። አስቸኳይ ካልሆነ ልጅ እንዳይገባ ታዟል። ከማን ጋ እንደተሟገተች እንጃ፤ ያ ጉደኛ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ መልሳ ደወለች። «ነገ በጠዋት፣ ምግብ ሳትቀምስ። አብሯት የሚገባ አንድ ሰው ብቻ።»

በነጋታው እናትና ልጅ ሆስፒታል ገቡ። ራዲዮና አባቷ ግቢው ውስጥ፣ አንድ የመስታወት መስኮት ስር ቆሙ። አባቷ እጁን ያጣምራል፣ ይፈታል፣ ያጣምራል። የሚገርመው ራዲዮም ዝም አለች።

«ምነው? አውሪ እንጂ» አለ አባቷ።

«ምን ላውራ?»

«የፈለግሽውን። ዝም ስትይ ያስፈራል።»

ከማንቆርቆሪያው በቀር የመጣላት ወሬ የለምና የሕንፃውን መስኮቶች ጮክ ብላ ትቆጥርለት ጀመር።

በመጨረሻ ሐኪሙ በሩ ላይ ብቅ አለ። ማስኩ ፊቱ ላይ መስመር አውጥቶበታል፣ ዓይኑ እንቅልፍ ካየ የቆየ ይመስላል። «ወጥቷል» አለ። «መቅደድ አላስፈለገንም፣ በሽንት መውጫዋ ሳብነው። መጋገር ጀምሮ ነበር። ትንሽ ቢቆይ እንዲህ በቀላሉ አይወጣም ነበር። ኩላሊቷ ደህና ናት።»

አባቷ ሊያመሰግን ፈለገ። እጅ መጨባበጥ የለ፣ ማቀፍ የለ፣ ምን ያድርግ? ኮፍያውን አወለቀና ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። ቀና ሲል ያ ኮስታራ ፊቱ በእንባ ርሷል። «እድሜ ይስጥህ ዶክተር። ክፉ አይንካህ» አለ። ሐኪሙ አንገቱን ሰበር አድርጎ ተመለሰ፤ ውስጥ ሌሎች ይጠብቁታላ።

ቆይቶ መስኮቱ ላይ ፍንጭት ብቅ አለች፣ የእናቷ ክንድ ላይ ሆና። የእናትየው ማስክ ጥብቅ ብሎ አፍንጫዋ ተደፍጥጧል፤ ቃል ቃል ነው! ፍንጭት ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ድዷ እስኪታይ ሳቀች። ሳቀች፣ ጎኗን ግን አልያዘችም። ራዲዮ እጆቿን ነበር የምታየው፤ ሁለቱም መስታወቱ ላይ ናቸው!

ከጎናቸው ሲስተር መጣች። በአንድ እጇ ስልክ፣ በአንድ እጇ ብርጭቆ ይዛለች። የራዲዮ ስልክ ጠራ።

«ቆይ፣ ይሄ የኔ ሻይ ነው» አለች ሲስተር ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ። «ለአባትሽ ንገሪልኝ፣ እንዳይወስድብኝ። የፍንጭት ሌላ ነው። አሁን ሸናች፣ ትንሽ ቀላ ይላል፣ በሁለት ቀን ይጠራል። ሰማሽኝ?»

ራዲዮ ሌሊቱን ሙሉ የምትላትን ስታዘጋጅ ነው ያደረችው። እንዲህ እላታለሁ፣ እንዲያ እላታለሁ፣ እህት ሆንሽን እላታለሁ... አሁን አንዱም የለ።

«ሲስተርዬ...» አለችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ሃሎ? ራዲዮ? ምነው፣ ጣቢያው ጠፋ እንዴ?» አለች ሲስተር፤ ከመስታወቱ ወዲያ የእሷም ዓይኖች ውሃ ሞልተው ነበር።