ሽማግሌ ወደ ባንክ

ነዳጁ የካናዳዋን ካልጋሪን ያሰከረበት ዘመን ነበር። የሱቁ ሁሉ በር ላይ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ተለጥፏል። ባሌ መኳንንት ደግሞ ታክሲውን ሳድል ሪጅ የሚባል ሰፈር ወስዶ አንድ ባዶ ሱቅ ፊት ፓርክ ያደርግና ያልማል። በመስታወቱ ውስጥ ወንበር ይደረድራል፣ መብራት ይሰቅላል። ማታ ሲያወራልኝ የዳቦው ሽታ ለእኔም ይመጣልኛል።

የሚያልመው እኔ ካስልሪጅ በሚባለው ሰፈር ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን ዓይነት ሳንድዊች ቤት ነው። ካምፓኒው አዲሱን ቅርንጫፍ በፍራንቻይዝ፣ በስሙ እንዲነግድበት ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ ባንክ ካበደረ መንግሥት ለብድሩ አብዛኛው ክፍል ዋስ ይሆናል። ሱቁን የያዙለት እስከ ዓርብ ነው።

«እኔም ልፈርም?» አልኩት።

«አንቺ ዘጠኝ ዓመት ቆመሻል። ከእንግዲህ ተቀመጪ።»

ደስ አለኝ፤ ትንሽም ከፋኝ። ለምን እንደከፋኝ ያኔ አላወቅሁም።

ሰኞ ባንኩ እንቢ አለ። «መንግሥት ለማያውቀው ሰው እንዴት ዋስ ይሁን? የሚያውቁኝ ይንገሩት» ብሎ መኳንንት፣ ለእኔ ሳይተነፍስ፣ ሐሙስ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሽማግሌዎች ይዞ ሄደ። እዚያ የሆነውን በኋላ የነገሩኝ ከሦስቱ አንዱ፣ ጋሼ ጉልላት ናቸው። ባንክ ውስጥ የምትሠራው ልጅ ወንበር ብትስብላቸው፣ ውሃ ብትላቸው አልተቀበሉም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይፈጸም መች ይቀመጣል? ግራ ቢገባት እሷም ተነሥታ ቆመች።

«ልጃችን ታማኝ ነው። አይጠጣም። አሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ ሰው አልገጨም» አሉ ጋሼ ጉልላት። የሚተረጉመው መኳንንት ራሱ ነው።

«ምግብ ቤት ሠርቶ ያውቃል?» አለች ልጅቷ።

ሽማግሌ የልጁን ጉድለት አይደብቅም። «እንቁላል እንኳ አይጠብስም። ሥራውን የምታውቀው ሚስቱ ጥሩወርቅ ናት። ማናጀር ናት» አሉ። መኳንንት ዓይኑን ሰብሮ ተረጎመው።

ልጅቷ ፎርሙን አገላበጠች። «ታዲያ ስሟ የት አለ? ዛሬ ከፈረመች ነገ ያልቃል።»

በዚያው ቀን እኔ ሳንድዊች ቤቱ ቲማቲም እየከተፍኩ ነበር። በሩ ሲከፈት ከበረዶው ብናኝ ጋር ሦስት ነጠላ የለበሱ ሽማግሌዎች በዝግታ ገቡ፤ ለአፍታ በሕልሜ መሰለኝ። ከኋላቸው መኳንንት ኮፍያውንና የባንኩን ፎርም በእጁ ይዟል። መርዶ ነው ብዬ ቢላውን አስቀመጥኩ።

«ጋሼ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ቁጭ በሉ።»

«አንቀመጥም። ለልመና ነው የመጣን። መኳንንት ስምሽን መተዉ ጥፋት ነው። የሱቁ ባለቤት አብረሽው እንድትሆኚ ፈቃድሽን እንጠይቃለን።»

በስደት ካርቱም ስንጋባ ሽማግሌ የሚልክልኝ ዘመድ አልነበረውም፤ የሚቀበልልኝ ዘመድም አልነበረኝም። እንዳልጎዳኝ ሳስመስል ስንት ዓመት ኖርኩ። አሁን ምሳ ሊገዛ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እያየ፣ በቲማቲም ለተነከረ እጄ ሦስት ሽማግሌ ቆሞልኛል። እንባዬ መጣ፤ አልደበቅሁትም።

«እንድታርፊ ብዬ ነው እኮ» አለ መኳንንት ቀስ ብሎ።

«መቀመጥ ስፈልግ እኔ እነግርሃለሁ።»

ጓንቴን አወለቅሁ። አራት ወንበር ስቤ «ተቀመጡ» አልኳቸው። እያቃሰቱ ተቀመጡ፤ ጋሼ ጉልላት መረቁን።

እኔ ፎርሙን ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ቆሜ ፈረምኩ።