ልጓም የገባለት መኪና

ድሮ መርዶ በስልክ አይነገርም ነበር። ዘንድሮ ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗልና አለምነህም የአባቱን ሞት ጎንደር ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በስልክ ሰማው። ሰሊጥ ከመተማ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ መውረዱ ነበር።

«ልጄዋ፣ አባትህ አርፏል» አሉት አጎቱ አንዳርጌ። «ከቀትር በፊት ቁሐር ሚካኤል ይቀበራል። ድረስ።»

«ሳልሸኛቸው እንዳትቀብሩብኝ፣ አጎቴ። እርስዎን ነው የምለምነው።»

የሰው አደራ የጫነ መኪና ከነተሳቢው ጥሎ በሚኒባስ አይኬድም። ይዞት እንዳይበር ደግሞ የሚሠራበት የጭነት ድርጅት አምና መኪኖቹ ሁሉ ላይ የፍጥነት መገደቢያ አስገጥሟል። ነዳጁን ቢረግጡት፣ ቢለምኑት፣ ቢሳደቡት ከሰባ አያልፍም። ሾፌሮቹ «ልጓም» ይሉታል። ባለቤቶቹ ነዳጅ ሲሰስቱ ነው እያሉም ያሟቸዋል፤ ሾፌር ማማት ከጀመረ መቼም የሚተርፈው የለም።

አለምነህ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጣ መኪኖቹን ለምትከታተለው ለሰብለወንጌል ደወለ።

«እህቴ፣ አባቴ ሞቱብኝ። ልጓሙን የሚፈታልኝ መካኒክ እዚሁ አላጣም። ለዛሬ ብቻ ፍቀጅልኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው። «አልፈቅድም፣ አለምነህ።»

«ለነዳጅ ብላችሁ?»

«ነዳጅም ቆጥበንበታል፣ አልዋሽህም። ግን ያ ሁሉ ኩንታል እየሮጠ ፍሬን ብትይዝ ወዲያው አይቆምም። በሮጠ ቁጥር መቆሚያው ይርቃል። አንድ መኪናችን አልቆም ብሎ ገጭቶ ከገደለው ሰው ቤት ለቅሶ የደረስኩት እኔ ነኝ። እባክህ፣ ስትደርስ ደውልልኝ።»

ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

መንገዱን ሁሉ ሲረግማት ሄደ። የጣራ ገዳምን ቁልቁለት ሲወርድ አንድ አሮጌ አይሱዙ ሳይቀር ጥሩንባውን እየነፋ አለፈው። አባቱ ላም ሸጠው መንጃ ፈቃድ ያስወጡለት ጊዜ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው መክረውት ነበር። ዛሬ ግን ምክሩም አናደደው። ለሌላው ቀን ይሁን፤ ለአባት ቀብር ካልተሮጠ ለምን ይሮጣል?

ይፋግ ላይ አጎቱ ደወሉ። ሬሳ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሰባት ጊዜ እያረፈ ነው ፍትሐት የሚደረስለት። «ስድስቱን ምዕራፍ ጨርሰናል» አሉት። «ካህናቱን ለምኛቸው ሰባተኛው ላይ ይጠብቁሃል።» ሰባተኛው ምዕራፍ የሚካኤል ደጅ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ስለዚህ የት ብሎ አልጠየቀም።

ወረታን አለፈ። ቁሐር ሲቃረብ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦ ዓይኑን ከመንገዱ ነቀለና በሩዝ ማሳው ማዶ ቤተ ክርስቲያኑን ፈለገ። ዛፎቹ ታዩት፣ ደጁም ታየው። ሰው ግን የለም፤ አንድም ነጠላ የለበሰ ሰው የለም።

«ቀበሯቸው!» አለ። ዕንባው መጣ። በእጁ ጠርጎ ወደ ፊት ሲመለከት አስፋልቱ በሰው ነጭ ሆኗል።

ፍሬኑ ላይ ቆመበት። መኪናው አቃሰተ፣ ተሳቢው ከኋላ ገፋው፣ ጎማው ተንጫጫ። «ሚካኤል፣ ሚካኤል» ይላል፤ መኪናው ይሄዳል። ከዚያ ቆመ።

እናቱ እመት ዕንቁ እጃቸውን ቢዘረጉ መኪናውን ይነኩት ነበር። ከኋላቸው አባቱ ያሉበት ቃሬዛ አስፋልቱ ላይ አርፏል፤ ካህናቱ ጥላ እንደዘረጉ ከብበውታል። የመንገዱ ግራና ቀኝ ሩዝ እንዲደርቅ ተሰጥቶበት ስለነበር ማረፊያ ዳር አልተገኘም።

አለምነህ ከመኪናው ወረደ። ከዚያ ሁሉ ሰው የሸሸ አንድም እንኳ የለም።

«አጎቴ፣ ምነው እዚህ?»

«መንገዱን ተሻግረን ከራቅን ሳታየን ታልፋለህ ብዬ ሰባተኛውን እኔ ነኝ እዚህ ያስደረግሁት።»

«መኪናው ሲመጣ ለምን አልሸሻችሁም?»

አጎቱ በመገረም አዩት። «ከማን እንሽሽ? መኪናህን ከሩቅ ለየናት። እናትህ ‹ልጄ ነው፣ ተዉት ይምጣ› አለች። እሷ ቆማ ማን ይሸሻል?»

ዘወር ብሎ ጎማው አስፋልቱ ላይ ያሰመረውን ጥቁር መስመር አየ። ረጅም ነው። እስከ እናቱ የቀረው ቦታ ግን አንድ እርምጃ አይሞላም። ያ ልጓም የሌለው አይሱዙ ትዝ አለውና እናቱን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ለቀስተኛው ለአባቱ መስሎት አብሮት አለቀሰ።

ሰዎቹ ሩዙን ጠርገው ስፍራ ሰጡትና መኪናውን ዳር አስያዘ። የቃሬዛውን አንድ ጫፍ በትከሻው ተቀብሎም አባቱን እስከ ሚካኤል ሸኛቸው።

አፈር ከለበሱ በኋላ ሰብለወንጌል ጋ ደወለ። ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

«አለምነህ? ደረስክ?»

ማዶ እናቱ ከሴቶች መሀል ቆመው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ይታዩታል።

«ቆምኩ» አላት።