የሰባተኛው ሣጥን ውሃ

ኔሬይዳ ኢሪሳሪ ሰባተኛውን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ ፕላታኖዎቹን፣ በአረንጓዴነታቸው ተጠብሰው የሚበሉትን ትልልቅ ሙዞች፣ አንድ በአንድ ደረደረች። ሃያ ናቸው። ዐሥራ ስምንቱ ጠቁረዋል። ሁለቱ ቢጫ ናቸው፤ በአውራ ጣቷ ስትጫናቸው ይሰረጉዳሉ። ደብተሯን ከፍታ በዐሥራ አራተኛው ቀን ረድፍ ላይ፣ በሰባተኛው ሣጥን ትይዩ፣ «አረንጓዴ፦ 0» ብላ ጻፈች።

የቀሩት ዐሥራ አንድ ሣጥኖች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። በውስጣቸው ካሉት ሁለት መቶ ሃያ ፕላታኖዎች ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱ ከዛፋቸው በተቆረጡበት ቀን እንደነበሩት አረንጓዴ ናቸው። ለማነጻጸሪያ የሚሞከረው ዱቄት ውስጥ ሳይነከሩ የተቀመጡት ሁለት ሣጥኖች ግን በስድስተኛው ቀን ቢጫ ሆነው ለጎረቤት አሳማ ተሰጥተዋል።

አባቷ ዶን ሞንሴ የማሸጊያ ቤቱን በር ተደግፈው ያዩዋታል።

«ሬሳ እየቆጠርሽ ነው?»

«እየጻፍኩ ነው፣ አባዬ።»

«ገጹን ቅደጂውና ዐሥራ አንድ ሣጥን ነበር በይ። ማን አየሽ?»

«እኔ አየሁ።»

«አንቺማ ምኑ ያመልጥሻል! ያ የመድኃኒት ፋብሪካ ነው አበላሽቶ የመለሰሽ።»

ዶን ሞንሴ ይህን የሚሏት ለቀልድ ነው፤ ግን ነገሩ እውነት አለው። ኔሬይዳ በመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ላጲስ አይቀመጥም ነበር። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፤ ከሥሩ ያለው መነበብ አለበት። አጠገቡ ትክክለኛው ይጻፋል፤ ከዚያ የስም ፊደልና ቀን። ፋብሪካው ተዘግቶ ወደ ላስ ማሪያስ ተራራ ስትመለስ ያ ልማድ አብሯት መጣ፤ አሁን ዐሥራ አንድ ገበሬዎች የሚያመጡላትን ፕላታኖ በሱ ነው የምትቆጣጠረው።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ሣጥኖቹ የተነከሩበትን ዱቄት የሠራው በማያጉዌስ ከተማ የሚገኘው የፌዴራል መንግሥቱ የእርሻ ላቦራቶሪ ነው፤ በየበጋው የባሕሩን ዳር ከሚሸፍነው ቡናማ አረም። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ፕላታኖ ሲነከርበት ልጣጩ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራና ብስለቱን ያዘገየዋል። ኔሬይዳ ለሙከራ ተሰጥቷት ነበር። ፈጠራው የመንግሥት ስለሆነ ግን አምርቶ መሸጥ የሚፈልግ ሁሉ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ከሁለት ሳምንት በፊት መንግሥት ፈቃዱን በብቸኝነት፣ ለሁሉም ፍራፍሬ፣ ለአንድ ትልቅ የፍሎሪዳ ድርጅት ለመስጠት ማሰቡን አስታወቀ። ተቃውሞና ተፎካካሪ ማመልከቻ የሚቀበለው ለዐሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው። ዐሥራ አምስተኛው ቀን ዛሬ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።

ድርጅቱ ብቻውን ይዞት ዱቄቱን ካጣች ምን እንደሚሆን ታውቀዋለች። የሳን ሁዋን ገበያዎች በአንድ ሣጥን ውስጥ አራት ቢጫ ካዩ ሣጥኑን ይመልሱታል፤ ጠብሶ፣ ጠፍጥፎ፣ እንደገና ለሚጠብስ ሰው አረንጓዴ ካልሆነ አይሆንለትም። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣ ክፍሏ ይሞቃል፤ መንገዱ ሲናድ መኪናዋ ሁለት ቀን ትቆማለች። ባለፈው ዓመት ከላከችው ሲሶው ተመልሶባታል። ሌላ እንዲህ ያለ ዓመት ከመጣ ማሸጊያ ቤቱ ይዘጋል።

ደብተሯንና የእህቷ ልጅ ሆሱዌ ያዘጋጀላትን ተፎካካሪ የፈቃድ ማመልከቻ ይዛ ተነሳች። ሆሱዌ ጠበቃ ነው።

«ሰባተኛውንም ይዘሽው ልትሄጂ?» አሉ ዶን ሞንሴ።

«ይዤው ነው የምሄደው።»

«እንግዲህ ጥቁር ፕላታኖ አይተው ቢስቁብሽ የኔ ልጅ መሆንሽን አትንገሪያቸው።»

መንገዱ ላይ አፈር ተደርምሶ አንድ መስመር ብቻ ክፍት ስለነበር ማያጉዌስ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

የላቦራቶሪው የፈቃድ ክፍል ኃላፊ ኤልየሴር ኩሬት ማመልከቻውን ገጽ በገጽ አነበበ። እርሳሱን ከመስመር መስመር ያንቀሳቅሳል እንጂ ወረቀቱን አያስነካውም። ኔሬይዳ ይህን ወደደችለት።

«ዶኛ ኔሬይዳ፣ ለተቃውሞ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመጣልኝ ቁጣ ነው። እርስዎ ሠንጠረዥ አመጡልኝ።»

«ቁጣው መኪናው ውስጥ ነው። ካስፈለገ አመጣዋለሁ።»

ኩሬት ሳቀ። ከዚያ እርሳሱ ቆመ።

«ሕጉ ለትንሽ ድርጅት ቅድሚያ ይሰጣል። ግን ትንሽ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ፈጠራውን እንደ ትልቁ ድርጅት ገበያ ላይ ማዋል እንደሚችሉ ማሳየት አለብዎት። ይህ ሰባተኛ ሣጥን ምን ሆኖ ነው?»

«አላውቅም።»

«ባያስገቡት ኖሮ ማንም አይጠይቅዎትም ነበር።»

«ከዐሥራ ሁለቱ አንዱ ወደቀ። ይህን ደብቄው ዱቄቱን የሸጥኩለት ሰው ሣጥኑ ሲጠቁርበት ሁለተኛ ያምነኛል?»

ኩሬት ስልኩን አንስቶ ዱቄቱን የፈለሰፈችውን ዶክተር ሚግዳልያ ሴዳን ጠራ።

ዶክተሯ የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ፣ ጫማዋ ላይ አሸዋ እንዳለ መጣች። ኔሬይዳ በከረጢት ያመጣቻቸውን የጠቆሩ ፕላታኖዎች ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«የኔ ዱቄት ነው እንዲህ ያደረገው?»

«የእርስዎ ዱቄት ነው እንዲህ ያላደረገውም» አለችና ኔሬይዳ የአምስተኛውን ሣጥን ፎቶ አሳየቻት።

ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጥያቄዋ ተከታተለ። ሁሉም የተቆረጡት በአንድ ቀን ነው? አዎ። ከአንድ እርሻ? አዎ። የዱቄቱ መጠን? በየሣጥኑ አርባ ግራም፤ ተመዝኗል። ለየሣጥኑ አዲስ ውሃ ይቀዳል? አዎ፣ ከጉድጓድ፣ በፓምፕ። ስንት ስንት ሰዓት ላይ ነው የተነከሩት?

ኔሬይዳ ጣቷን በሰዓቱ ዓምድ ላይ ቁልቁል አወረደች። ሦስት ሰዓት ከሃያ፣ ስድስተኛ ሣጥን። ሦስት ሰዓት ከአርባ፣ መብራት ጠፋ። አራት ሰዓት፣ ሰባተኛ ሣጥን። አራት ሰዓት ከሩብ፣ ጄኔሬተሩ ተነሳ።

ጣቷ እዚያ ቆመ። ሰባተኛው ሣጥን ሲነከር ፓምፑ አይሠራም ነበር።

«ይቅርታ፣ አንድ ስልክ ልደውል» አለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ የሰባተኛውን ሣጥን ውሃ ከየት ነው የቀዳኸው?»

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ተሰማ።

«ምነው?»

«ፓምፑ ቆሞ ነበር።»

«አንቺ ቤንዚን ፍለጋ ብትሄጂ እኔ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥልሽ? ከጣሪያው ታንከር ቀዳሁ። የዝናብ ውሃ ነው። አንቺንም በሱ ነው ያሳደግንሽ፤ ጠቆርሽ እንዴ?»

ኩሬት አፉን በእጁ ሸፈነ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ! ሰዓቱን ስነግርሽ ጻፍሽ፣ የዱቄቱን ጻፍሽ፣ የውሃውን መቼ ጻፍሽ?»

ኔሬይዳ ሠንጠረዡን አየችው። እውነታቸውን ነው። ዘጠኝ ዓምድ አስምራለች፤ ስለ ውሃ የሚናገር ግን አንድም የለም።

«ልክ ነህ፣ አባዬ» አለች።

«ምን? መስመሩ ይቆራረጣል፤ ድገሚው እስቲ።»

«ልክ ነህ አልኩ።»

«ይኼን ጻፊው!» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ዶክተር ሚግዳልያ ግን አልሳቀችም። «እኛም አልጻፍነውም» አለች ቀስ ብላ። «ስድስት ዓመት ሙሉ የሞከርነው በዚህ ሕንፃ የቧንቧ ውሃ ነው። የፈጠራው ሰነድ ላይ ያለው ቃል ‹ውሃ› ነው። በቃ፣ ውሃ። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ግን ኖራ በየወሩ ይጋገራል።»

«የኛም ጉድጓድ ውሃ እንደዚያው ነው።»

«ዱቄቱን የሚያያይዘው ያ ኖራ ይሆናል። የዝናብ ውሃ ውስጥ ደግሞ ኖራ የለም።»

በማያጉዌስ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም፤ ያን ዕለትም ጀምሮ ነበር። ዶክተሯ መስኮቱን ከፍታ አንድ የመስታወት ኩባያ አወጣች። ኩባያው ሩብ እስኪሞላ ሦስቱም ቆመው ጠበቁ። ሌላ ኩባያ ውስጥ እኩል የቧንቧ ውሃ ቀዳች፤ በሁለቱም ውስጥ የተመዘነ ዱቄት አማስላ አንዳንድ ስስ መስታወት ነከረችባቸውና አወጣቻቸው። ኔሬይዳ ሰዓቷን ይዛ አራት ደቂቃ ቆጠረች። በቧንቧው ውሃ የተነከረው መስታወት ላይ ዱቄቱ ረግቶ እንደ ትኩስ ወተት ስልባቦት በጥፍር ተነሳ። በዝናቡ ውሃ የተነከረው ግን ተንጠባጥቦ አለቀ።

ከዚያ ዶክተሯ ከመደርደሪያው ነጭ የካልሲየም ጨው አውርዳ በማንኪያ ጫፍ የዝናቡ ውሃ ውስጥ ጨመረችና ሌላ መስታወት ነከረች። ኔሬይዳ እንደገና ቆጠረች። በአራተኛው ደቂቃ ስልባቦቱ እዚያም ላይ ነበር።

«ሁለት ግራም» አለች ዶክተሯ ሚዛኑን አይታ። ድምፏ ደስታና እፍረት ተቀላቅሎበታል። «ስድስት ዓመት!»

ኩሬት ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። «ተራራው ላይ ከዝናብ ታንከር የሚቀዳ ስንት ገበሬ አለ?»

«ከዐሥራ አንዱ ሰባቱ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁላችንም።»

«እንግዲያው ይህ ሣጥን ማመልከቻዎን አላዳከመውም። ፈጠራው እዚህ አገር፣ በእውነተኛው ሥራ ላይ ምን እንደሚያስፈልገው ያሳየኝ ይህ ገጽ ብቻ ነው። ዛሬ ያዩትንም ይጨምሩበት፤ ዶክተሯ ትፈርምበታለች።»

ኔሬይዳ ጻፈች። የዝናቡን ውሃ መጠን፣ የጨውን ክብደት፣ አራቱን ደቂቃ፣ የአባቷን ታንከር። ከዚያ በሠንጠረዡ ዳር ዐሥረኛ ዓምድ አስምራ ከአናቱ «ውሃ» አለችበት። በዐሥራ አንዱ ሣጥን ትይዩ «ጉድጓድ»፣ በሰባተኛው ትይዩ «ዝናብ» ብላ ሞላች፤ ከጎኑ የዛሬውን ቀንና የስሟን ፊደላት አኖረች። ሰዓቱ ዐሥር ተኩል አልፏል።

የመጨረሻው ገጽ ቀረ። «ፈቃዱ የሚጠየቅበት አገልግሎት» ከሚለው ትይዩ ሆሱዌ በኮምፒውተር «ለሁሉም ፍራፍሬ» ብሎ ጽፏል። «ድርጅቱ ሁሉንም ጠይቋል፤ አክስቴ፣ አንቺም ሁሉንም ጠይቂ፤ ብዙ ካልጠየቅሽ ትንሽም አይሰጡሽም» ብሏታል።

ኩሬት መነጽሩን አወለቀ። «የሌላውን ማመልከቻ ይዘት ልነግርዎ አልችልም። ለማንም የምለውን ግን ለእርስዎም እላለሁ። ፈቃድ ሊከፈል ይችላል፤ አንዱ ፍሬ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው። ሁሉን የሚጠይቅ ግን በሁሉ ላይ ማስረጃ ይጠየቃል።»

ኔሬይዳ አሰበች። ማንጎ አለ፤ አቮካዶ አለ። ከፍሎሪዳ ወደብ በመርከብ የሚጋዘው፣ ተልጦ ሳይበስል በእሳት የሚበላው ጣፋጭ ሙዝ፣ ጊኔኦ አለ፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ደብተሯ ውስጥ ያለው ግን ዱቄቱ ውስጥ የተነከረ ሁለት መቶ አርባ ፕላታኖ ነው፤ ሁሉንም በእጇ አገላብጣ አይታቸዋለች።

እስክሪብቶዋን አንስታ «ለሁሉም ፍራፍሬ» የሚለው ላይ አንድ ቀጭን መስመር አሰመረች። ከላዩ «ለፕላታኖ» ብላ ጻፈች።

«ጊኔኦስ?» አለ ኩሬት። «ወረቀቱ ላይ ቦታ አለዎት እኮ።»

«አልሞከርኩትም።»

አራት ነጥብ አኖረችበት። ከዚያ እንደ ልማዷ የስሟን ሁለት ፊደላትና ቀኑን አጠገቡ ጽፋ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው። ከመስመሩ ሥር ያለው ቃል አሁንም በደንብ ይነበብ ነበር።