ጨው የነካው ጠርሙስ

የዚህችን ልጅ ጣቶች ምን አጠቆራቸው? የቤቱ ሰው ሁሉ እምዬ የሚላቸው አያቷ ይህን ሲያብሰለስሉ ሰነበቱ። ሳሙናውም ሎሚውም አላስለቀቀው።

«ጌጥ የሚሠራበት ብር ነው አልኩሽ እኮ፣ እምዬ!» አለች የልጅ ልጃቸው፣ የተቀቀለ የሮማን ልጣጭ ውሃ እያጠለለች። ላቦራቶሪ ውስጥ ለቁስል የሚሆን መድኃኒት ታጠናለች፤ ሥራውን ቤትም ይዛ ትመጣለች። «ብሩ ውሃ ውስጥ ሟሙቷል። የልጣጩ ውሃ ሲጨመርበት ዓይን የማያየው ቅንጣት ይሆናል። ብሩ ባክቴሪያ ይገድላል፤ ከሮማኑ የሚለብሰው ፀረ-ኦክሲዳንት ደግሞ ቆዳው እንዳይጎዳ ይከላከላል። ሲሳካ ሻይ ይመስላል። የኔ ግን ሁልጊዜ ወተት! ዛሬ ከሰዓት ሻዩን ለአለቆቼ ካላሳየሁ ጥናቱን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል።»

«ውይ፣ አፈር በበላሁ!»

ሬዲዮኑን ፈታትተው የተቀመጡት ባለቤታቸው አባባ ቀና አሉ። «እዚህ ቤት በጨው ሳይታሽ የሚያድር ዕቃ የለ። ያንቺንም ጠርሙሶች እምዬሽ ስትፈትግ ነው የምታመሸው። እስካሁን ያመለጥኳት እኔ ብቻ ነኝ!»

የልጅቷ እጅ ባለበት ቀረ። «በጨው?»

«ታዲያስ! ባክቴሪያ ይዘሽ ስትዞሪ ዝም ብዬ ልይሽ?» አሉ እምዬ።

«እምዬ! ብርና ጨው ሲገናኙ እኮ ነው ወተት የሚሆነው!»

እምዬ ክው አሉ። ልጅቷ ግን ሳቋ አመለጣት፤ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። ከዚያ ብድግ ብላ ከእሽጉ ያልወጣ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣች፤ ብሩን ቀዳች፣ የልጣጩን ውሃ ጠብ ጠብ አደረገችበት፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ አስመታችው። ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ።

«ወተት ከሆነ እንዳትነግሩኝ» አሉ እምዬ ዓይናቸውን ጨፍነው።

መጀመሪያ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ማር መሰለ። ከዚያማ ደማቅ ሻይ!

«ስኳር ስንት ላድርግልሽ?» አሉ አባባ።

እምዬ ጉልበታቸውን ረስተው ዘለሉ። ልጅቷ እቅፍ አድርጋ አሽከረከረቻቸው፤ ወንበሩ ተገለበጠ፤ የሬዲዮኑ ብሎኖች ከጠረጴዛው እየተንከባለሉ ወረዱ፤ አባባ እየሳቁ በእንብርክክ አሳደዷቸው።

«ቆይ፣ ሹራብ ልበሺ! ቁርስሽንስ? ጠርሙሱን በሁለት እጅሽ ያዢው፣ መኪና ተመልከቺ፣ ኧረ ልጄ!» አሉ እምዬ።

ልጅቷ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ባንድ እግሯ የራሷን ጫማ፣ በሌላው የእምዬን ነጠላ ጫማ እንዳደረገች፣ በሩን ከፍታ ወደ ላቦራቶሪው ወጣች።